ከኮኮዋ ፍሬ እስከ ቸኮሌት፦ ጥቅሙ የቱ ጋ ይቀራል?

«ቸኮሌት ለልብ ጤና ይበጃል» የሚል ዜና በየጥቂት ወሩ ብቅ ይላል። ልብ ያልሆነ ጊዜ አንጎል፣ አንጎል ያልሆነ ጊዜ የስኳር በሽታ፣ ሲብስም ክብደት መቀነስ ይሆናል። ዜናው ለምን እንደሚወደድ መገመት አያቅትም፤ ስለ ምግብ ከሐኪም ዘንድ ዘወትር የሚሰማው ክልከላ ስለሆነ፣ ጣፋጭ ነገር ተፈቀደ ሲባል ጆሮውን የማይሰጥ የለም። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ዜናው ከነጭራሹ ውሸት አለመሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተባብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እውነትነት አለው፤ ግን እውነትነቱ በኮኮዋ ፍሬ ውስጥ ስለሚገኙ ጥቂት ውህዶች ሲነገር ነው። ርዕሰ ዜናው የሚያወራው ደግሞ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ስለሚሸጠው ጣፋጭ ነው። ከፍሬው እስከ ጣፋጩ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ለጤና ይጠቅማል ከተባለው ነገር ብዙው የሚቀረውም እዚያው መንገድ ላይ ነው።

እነዚህ ውህዶች ፍላቫኖል ይባላሉ። በሻይ ቅጠል፣ በፖም፣ በወይን ፍሬና በእንጆሪ ውስጥም ይገኛሉ፤ ጥሬ የኮኮዋ ፍሬ ግን በብዛት ከሚይዟቸው ምግቦች አንዱ ነው። ጥሬውን ፍሬ የቀመሰ ሰው ምላስ የሚያደርቅ፣ አፍ የሚይዝ ምሬቱን አይረሳውም፤ ያ ምሬት በከፊል የፍላቫኖል ሥራ ነው። ከቤተሰቡ አባላት በሰው ላይ በደንብ የተጠናው ኤፒካቴቺን የሚባለው ነው።

በደም ሥር ውስጥ የሚሆነው

የደም ሥሮቻችን ከውስጥ በኩል በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ተሸፍነዋል። ይህ ስስ ሽፋን ዝም ብሎ የተለጠፈ ልባስ አይደለም። ደም እየተንደረደረ ሲያልፍበት ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙ በደም ሥሩ ግድግዳ ያሉትን ጡንቻዎች ያላላቸዋል። ጡንቻዎቹ ሲላሉ ደም ሥሩ ይሰፋል፣ ደሙ ሳይጨነቅ ያልፋል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሲጋራ ሲጨስ ወይም የስኳር በሽታ ሲገባ ሽፋኑ ይህን ጋዝ የማመንጨት አቅሙ ይዳከማል። ኤፒካቴቺን የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ለደም ሥሩ የሚደርሰው የናይትሪክ ኦክሳይድ መጠን ከፍ እንዲል ያደርጋል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም፤ ይለካል። ተመራማሪዎች የአንድን ሰው ክንድ በደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ አጥብቀው ለ5 ደቂቃ ያህል ደም እንዳያልፍ ያግዱታል። ከዚያም በድንገት ይለቁታል። ታግዶ የቆየው ደም ሲለቀቅ የክንዱ ደም ቅዳ ምን ያህል እንደሚሰፋ በአልትራሳውንድ ይከታተላሉ። ሽፋኑ ጤናማ የሆነ ደም ቅዳ ሰፋ ይላል፤ የተዳከመው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ፍላቫኖል የበዛበት ኮኮዋ ከተጠጣ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ልኬቱ ሲደገም፣ ደም ቅዳው ከቀድሞው ይበልጥ እንደሚሰፋ በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነ ጥናት ደግሞ ንጹሕ ኤፒካቴቺን ብቻውን ለሰዎች ተሰጥቶ ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል። ስለ ቸኮሌትና ጤና ከሚነገረው ሁሉ እግሩን ተክሎ የቆመው ይህ ነው። «አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ሕዋሳትን ከሚጎዱ ውህዶች የሚከላከል ነገር፣ ስላለው ነው» የሚለው የቆየ ማብራሪያ ግን አሁን ያን ያህል ክብደት አይሰጠውም፤ በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ ያማረ ውጤት ቢያሳይም፣ ተፈጭቶ ወደ ሰው ደም የሚደርሰው መጠን ለዚያ ሥራ እጅግ ትንሽ ነው።

የተመራማሪዎችን ዓይን ወደ ኮኮዋ ካዞሩት መካከል በፓናማ የካሪቢያን ጠረፍ፣ በሳን ብላስ ደሴቶች የሚኖሩት ኩናዎች ይገኙበታል። የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ሲያጠኗቸው፣ የደሴቶቹ ነዋሪዎች የደም ግፊት ዝቅተኛ እንደሆነና ዕድሜ ሲጨምርም እንደማይጨምር አስተዋሉ። ጨው ስለማይበሉ ነው እንዳይባል ይበላሉ። በዘር የወረሱት ነው እንዳይባል፣ ወደ ፓናማ ሲቲ የፈለሱት ወገኖቻቸው ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ደሴት የቀሩት በየቀኑ ብዙ ኮኮዋ እንደሚጠጡ ሲሰማ ጥርጣሬው ወደዚያው አመራ። ነገር ግን ሰው ከደሴት ወደ ከተማ ሲገባ የሚለወጠው መጠጡ ብቻ አይደለም፤ ሥራው፣ ገበታው፣ እንቅልፉ፣ ጭንቀቱ ሁሉ ይለወጣል። ስለዚህ የኩናዎች ነገር ጥሩ ጥያቄ አስነሣ እንጂ መልስ አልሰጠም። መልስ የሚገኘው ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን እየሰጡ ለሌላው እየነፈጉ በመሞከር ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ በመመዘን የታወቀው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ ከ1,800 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 35 ሙከራዎች አንድ ላይ መረመረ። ፍላቫኖል የበዛበት ኮኮዋ ወይም ቸኮሌት የወሰዱት ሰዎች የደም ግፊት በአማካይ በ2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ግፊታቸው አስቀድሞ ከፍ ያለ በነበረ ሰዎች ላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ ቀንሷል።

ሁለት ምን ያህል ነው? ለአንድ ግለሰብ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ግፊቱ ከዚያ በብዙ ይለዋወጣል። በሚሊዮኖች በሚቆጠር ሕዝብ ላይ ሲታሰብ ግን ትንሽ ቅናሽም በስትሮክና በልብ ድካም ቁጥር ላይ ይታያል። ይሁንና ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አብዛኞቹ ሙከራዎች የቆዩት ለሳምንታት ብቻ ነው፤ በየቀኑ የተሰጠው ፍላቫኖልም በአማካይ 670 ሚሊ ግራም ያህል ነበር፤ ይህ ከተለመደ ቸኮሌት በቀላሉ የሚገኝ መጠን አይደለም። በዚያ ላይ የቸኮሌት ሙከራ ከመድኃኒት ሙከራ የሚከብድበት ምክንያት አለው። መድኃኒት ሲሞከር ለግማሾቹ ባዶ እንክብል ሰጥቶ ማንም ምን እንደወሰደ እንዳያውቅ ማድረግ ይቻላል። ምላስን ማታለል ግን ከባድ ነው። መራራውን የቀመሰ ሰው «ዋናው እኔ ዘንድ ነው» ብሎ ያምናል፤ እምነቱም ግፊቱን ሊያወርደው ይችላል።

መፍትሔው ቸኮሌቱን ትቶ ውህዱን በእንክብል መስጠት ነው፤ ኮስሞስ የተባለው ሰፊ የአሜሪካ ጥናትም ያደረገው ይህንኑ ነበር። 21,442 ሰዎች ተሳተፉ፤ ወንዶቹ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ሴቶቹ 65ና ከዚያ በላይ። ግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊ ግራም የኮኮዋ ፍላቫኖል፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ወሰዱ። ክትትሉ 3.6 ዓመት ገደማ ቆየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ እንዲህ ሆነ፦ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና መሰል አደጋዎች ተደምረው ሲታዩ ፍላቫኖል በወሰዱት ዘንድ 10 በመቶ ቀንሰዋል፤ ነገር ግን ልዩነቱ እንዲሁ በአጋጣሚም ሊፈጠር የሚችል ነበር። በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ነገር ለብቻው ሲቆጠር ደግሞ 27 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ የሚስማማውን ቁጥር ይዞ ሄደ። ወዳጆቹ 27ን፣ ተጠራጣሪዎቹ 10ን። በእኔ ሚዛን ተጠራጣሪዎቹ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ ለዚህም ምክንያት አለኝ። ጥናት ሲጀመር ዋናው ጥያቄ አስቀድሞ ይጻፋል፤ በኮስሞስም የተጻፈው ጥያቄ የአደጋዎቹ ድምር ነበር። ለዋናው ጥያቄ «አልተረጋገጠም» የሚል መልስ ከመጣ በኋላ ከሁለተኛዎቹ ጥያቄዎች መካከል ያማረውን መምረጥ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። 27 በመቶው በሌላ ጥናት ቢደገም አቋሜን እለውጣለሁ። የጥናቱ ወጪ በከፊል የተሸፈነው በቸኮሌት አምራቹ ማርስ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ይህ ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም፤ እንዲያውም ለዋናው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ለአምራቹ የሚመች አልነበረም። ከሁሉ በላይ ግን እንክብሉ ስኳርም ስብም አልነበረበትም። ቸኮሌት አልነበረም።

በመንገድ ላይ የሚጠፋው

የኮኮዋ ፍሬ ከዛፉ ወርዶ ከተፈለቀቀ በኋላ ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል፤ ከዚያ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ቸኮሌት ቸኮሌት የሚሸተው በእነዚህ ደረጃዎች ነው፤ ያለ መብላላትና ያለ መቆላት ጣዕሙ አይወለድም። ፍላቫኖሉ ደግሞ በእነዚሁ ደረጃዎች እየቀነሰ ይሄዳል። ጣዕሙን የፈጠረው ሥራ ጥቅሙን ይሸረሽረዋል ማለት ነው።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ግን በሌላ ነገር ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በኔዘርላንድ የቫን ሃውተን ቤተሰብ ያስፋፋው አንድ ዘዴ አለ፤ ኮኮዋው በአልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ጨው፣ ይታከማል። ምሬቱ ይለዝባል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ዱቄቱም ከውኃና ከወተት ጋር ያለ ችግር ይዋሃዳል። ለመጠጥ፣ ለኬክና ለብስኩት ምቹ ነው። ለፍላቫኖል ግን ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በገበያ ላይ ያሉ የኮኮዋ ዱቄቶችን ለክቶ፣ ያልታከመው በአማካይ በአንድ ግራም 34.6 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል ሲኖረው፣ በጥቂቱ የታከመው 13.8፣ በብርቱ የታከመው 3.9 ብቻ እንዳለው አገኘ። በኮስሞስ የተሰጠውን 500 ሚሊ ግራም ለማግኘት ስንት ዱቄት እንደሚያስፈልግ ማስላት ይቻላል፦ ካልታከመው 15 ግራም ገደማ፣ በብርቱ ከታከመው 128 ግራም። የመጀመሪያው ጥቂት ማንኪያ ነው። ሁለተኛውን ማንም ሰው በቀን አይጨርሰውም።

«ጥቁር በሆነ መጠን ይሻላል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። የጠቆረ ቀለም የኮኮዋ ብዛት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የአልካሊ ምልክትም ሊሆን ይችላል። በማሸጊያው ላይ «70 በመቶ» የሚለው ቁጥርም ሰዎች የሚያስቡትን አይናገርም። ቁጥሩ ከኮኮዋ ፍሬ የመጣውን ሁሉ፣ የኮኮዋ ቅቤውን ጨምሮ፣ ይደምራል፤ ፍላቫኖሉ ያለው ግን ቅቤው ሲወጣ በሚቀረው ደረቅ ክፍል ነው። ሁለት ባለ 70 በመቶ ቸኮሌቶች በፍላቫኖል ይዘታቸው የማይገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ። ነጭ ቸኮሌት ከኮኮዋው የሚወስደው ቅቤውን ብቻ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ወሬ ውጭ ነው። በተረፈ ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ «አልካሊ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ማየት ከመቶኛው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ተቆጣጣሪዎችም ይህን ልዩነት ያውቁታል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 በቀን 200 ሚሊ ግራም የኮኮዋ ፍላቫኖል የደም ሥሮችን የመለጠጥ አቅም ለመጠበቅ ይረዳል የሚለውን አገላለጽ ተቀብሏል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 የፈቀደው ከዚህም የጠበበ ነው፦ ቢያንስ 4 በመቶ ፍላቫኖል ለያዘ ልዩ የኮኮዋ ዱቄት ብቻ፣ ማስረጃውም በጣም ውስን መሆኑ አብሮ ተጽፎ። ለተራ የኮኮዋ ዱቄትና ለቸኮሌት አልተፈቀደም።

በዚያኛው ወገን ያለው ሒሳብ ደግሞ የተሰወረ አይደለም። ከ70 እስከ 85 በመቶ የሆነ ጥቁር ቸኮሌት በ100 ግራም ወደ 600 ካሎሪ፣ 43 ግራም ገደማ ስብና 24 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የወተት ቸኮሌት ስኳሩ ወደ 50 ግራም ይደርሳል፤ ይህም 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሙሉ ቀን ከፍተኛ ወሰን ካደረገው ጋር እኩል ነው። ለኮኮዋ ቅቤ ፍትሕ እንስጠው ካልን፣ ከስቡ ሲሶው ገደማ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው ሲሆን እርሱ ኮሌስትሮልን ከፍ አያደርግም። የቀረው ግን ፓልሚቲክ አሲድም አለበት፤ እርሱ ያደርጋል። ጥቁር ቸኮሌት ማግኒዚየምና ብረትም አለው። ብረቱን ግን እነዚያው የምናወድሳቸው ውህዶች ይዘው ሰውነት በቀላሉ እንዳይወስደው ያደርጉታል፤ ለደም ማነስ ብሎ ቸኮሌት መብላት ስለዚህ ብዙ አያስኬድም።

ርዕሰ ዜና እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2015 «ቸኮሌት ክብደት ለመቀነስ ይረዳል» የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። ጥናቱን ያደረገው ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ነው፤ ከጀርመን የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ፣ የምግብ ሳይንስ ዜና እንዴት በቀላሉ እንደሚሸጥ ለማሳየት። ጥናቱ የፈጠራ አልነበረም፤ ሰዎች ተመልምለዋል፣ በዕጣ ተከፍለዋል፣ ተመዝነዋል። ብልሃቱ የተሳታፊዎቹ ቁጥር 15 ብቻ መሆኑና በእያንዳንዳቸው 18 ነገር መለካቱ ነበር፦ ክብደት፣ ኮሌስትሮል፣ የእንቅልፍ ጥራትና ሌላም ሌላም። እንዲህ ባለ ጥቂት ሰው ላይ 18 ነገር የለካ፣ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ «ጉልህ ለውጥ» መስሎ የመታየት ዕድሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። እነ ቦሃነን የትኛው እንደሚወጣ አያውቁም ነበር፤ ክብደት ወጣ። ሌላ ነገር ወጥቶ ቢሆን ርዕሱ ሌላ ይሆን ነበር። ገንዘብ ተቀብሎ የሚያትም አንድ መጽሔት አተመው፣ ጋዜጦች ተቀባበሉት፣ «ስንት ሰው ነበረ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ፍራንዝ ሜሰርሊ የተባለ የልብ ሐኪም በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ሥዕላዊ ሰንጠረዥ አወጣ፤ በ23 አገሮች ብዙ ቸኮሌት የሚበላ ሕዝብ ብዙ የኖቤል ሽልማት ያገኛል የሚል። ዝምድናው በቁጥር ሲታይ የጠበቀ ነበር፤ ስዊዘርላንድም በሁለቱም ከላይ ተቀምጣለች። ጽሑፉ ጨዋታ ቢጤ ነው፤ ጸሐፊው በየቀኑ ቸኮሌት እንደሚበላ በመጨረሻው ላይ ገልጿል። ሀብታም አገር ቸኮሌት ይገዛል፣ ሀብታም አገር ዩኒቨርሲቲም ይገነባል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ቁም ነገር ብለው የዘገቡት ግን ብዙዎች ናቸው።

ይህን ያነሣሁት በቁም ነገር የሚሠሩ ጥናቶችም ከዚሁ ችግር ስለማያመልጡ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ በሳምንት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ጥቁር ቸኮሌት የሚበሉ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 21 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የወተት ቸኮሌት ይህን አላሳየም፤ እንዲያውም ከክብደት መጨመር ጋር ተያይዟል። ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ቢሆንም ጥቁር ቸኮሌት የሚመርጥ ሰው በሌላውም ገበታው የተለየ ነው፤ ያንን በስሌት ሙሉ በሙሉ ማጥራት አይቻልም። የኮስሞስ እንክብል ግን በዕጣ ተከፍሎ ሲሰጥ የስኳር በሽታን አልቀነሰም።

ስለ አንጎል ያለውም ተመሳሳይ ጉዞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በ37 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ በቀን 900 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል የማስታወስ ችሎታን እንዳሻሻለ ተነገረ። በኮስሞስ ከ3,500 በላይ ሰዎች ሲፈተኑ ግን በጥቅሉ ለውጥ አልታየም፤ መሻሻል የታየው ገበታቸው ከመነሻው በፍላቫኖል ድሃ በነበረ ሰዎች ብቻ ነው። ይህ በበኩሌ ከሁሉም ውጤት የሚጥመኝ ነው፤ የጎደለው ያገኛል፣ ያልጎደለው አይጨመርለትም። የጎደለውን ለመሙላት ደግሞ ሻይና ፍራፍሬ ስኳርና ስብ ሳያስከትሉ ይበቃሉ።

ሌላም ነገር አብሮ ይመጣል

ጥቁር ቸኮሌትን በፍላቫኖሉ የሚያስመርጠው የኮኮዋ ብዛት ካድሚየምና እርሳስ የተባሉ ከባድ ብረቶችንም ያመጣል። ካድሚየም ከአፈሩ በሥር በኩል ወደ ፍሬው ይገባል። እርሳስ ግን በአብዛኛው የሚያርፍበት ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ በአቧራ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ በማድረቅ መቀነስ ይቻላል። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከመረመራቸው 28 ጥቁር ቸኮሌቶች 23ቱ፣ በቀን 28 ግራም ያህል ቢበሉ፣ ከሁለቱ በአንዱ ድርጅቱ ከመረጠው ጥብቅ ወሰን ያልፉ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ ለካድሚየም ሕጋዊ ጣሪያ አለው። አልፎ አልፎ ለሚበላ አዋቂ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። በየቀኑ ለጤና ብሎ ለሚበላ ሰው፣ በተለይም ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት፣ ሊታሰብበት ይገባል።

እንግዲህ ቸኮሌት የሚወድ ሰው ስለወደደው ይብላ። ጥቁሩንና ያልታከመውን ቢመርጥ፣ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ባለው ቢወሰን የሚያጣው የለም። ፍላቫኖሉን ብቻ የፈለገ ያልታከመ የኮኮዋ ዱቄት ስኳር ሳያበዛ በሙቅ ወተት ወይም ውኃ ቢጠጣ ከጣፋጩ ይሻለዋል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱን በኮኮዋ መተካት የለበትም፤ የተለመደ አንድ መድኃኒት የሚያመጣው ቅናሽ ከኮኮዋው 2 ነጥብ በብዙ ይበልጣል። የኩላሊት ጠጠር የሚደጋገምበት ሰው፣ ጠጠሩ ከኦክሳሌት የሚሠራ ከሆነ፣ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት፤ ኮኮዋ ኦክሳሌት የበዛበት ነው። ቃር የሚያስቸግረውም ሰው ሊያባብስበት እንደሚችል ይወቅ። ካፌይን እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ማታ ማታ ጥቁሩን ቢተው ይመረጣል፤ 100 ግራሙ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ቸኮሌቱን ውሻው ከማይደርስበት ያስቀምጥ፤ ቴዎብሮሚን የተባለውን የኮኮዋ ውህድ የውሻ ሰውነት ቶሎ ማስወገድ ስለማይችል ሊገድለው ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ጥቁሩ ከወተቱ የባሰ ነው።